ታዳጊ የሚሹ ወይስ ሰሚ ያጡ? በሃይማኖት ሕግ ስለሚበደሉ ሴቶችና ስለ ምዕራባውያን ጩኸት

በሩቅ አገር ያለች አንዲት ሴት በሃይማኖት ሕግ ስም ስትበደል ወሬው በኤውሮጳና በአሜሪካ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ይቈጣል፤ ጋዜጣው ይጽፋል፤ የልመና ደብዳቤ ይዘጋጃል፤ የመንግሥት ሹማምንትም ንግግር ያደርጋሉ። ይህ ቁጣ በብዙው ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ቅንነት ብቻውን ለተበደለው መድኃኒት አይሆንም፤ አንዳንድ ጊዜም በደሉን ያከፋዋል። ስለዚህ ቁጣው ስለ ማን እንደሚናገር፤ ማንንስ እንደሚሰማ፤ በመጨረሻውም ለማን እንደሚጠቅም መመርመር የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ የሚያጠና ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ሥራዎች ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሣው የሊላ አቡ ሉጉድ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ በኒው ዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ የሕዝቦች ልማድ ተመራማሪ ናቸው። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በግብፅ ምዕራባዊ በረሓ አውላድ ዐሊ ከሚባሉት ዐረቦች ጋር ተቀምጠው የሴቶቹን ኑሮና ቅኔ አጠኑ፤ ያጠኑትንም በ1986 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ በመስከረም 2002 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕዝቦች ልማድ ተመራማሪዎች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ «ሙስሊም ሴቶች በእውነት ታዳጊ ያስፈልጋቸዋልን?» የሚል ጥያቄ አንሥተው ጻፉ። ያንኑ ሐሳብ አስፍተውና አዳብረው በ2013 ዓ.ም. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ መልክ አሳተሙት።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው በጥቅምት ወር 2001 ዓ.ም. በአፍጋኒስታን ላይ የተከፈተው ጦርነት ነው። ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር፤ በኅዳር 17 ቀን፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ሎራ ቡሽ በሬዲዮ ቀርበው ሽብርን መዋጋት ለሴቶች መብትና ክብር መዋጋትም እንደ ሆነ ለሕዝባቸው አስረዱ። ሊላ አቡ ሉጉድ የጠየቁት ግልጽ ጥያቄ ነው። ሕዝቡ የአፍጋኒስታንን ሴቶች ችግር ለመረዳት ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ መጐናጸፊያቸው ብቻ እንዲጠይቅ የተደረገው ለምንድን ነው? አገሪቱን ለሃያ ዓመት ያህል ስላደቀቀው ጦርነት፤ ለተዋጊዎቹም መሣሪያና ገንዘብ ስለ ሰጡት መንግሥታት የማይጠየቀውስ ለምንድን ነው? የደራሲዋ መልስ፤ ሁሉን በሃይማኖትና በባህል ላይ ማሳበብ የጠያቂውን አገር ከታሪኩ ነጻ ስለሚያወጣው ነው የሚል ነው።

ቡርቃ ስለሚባለው ሙሉ መሸፈኛ የሰጡት ማስረጃ ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ልብስ ታሊባን የፈለሰፉት አይደለም፤ በፓሽቱን ሕዝብ ዘንድ ቀድሞም የነበረ ነው። ሴቲቱ ከቤት ወጥታ ከባዕዳን ወንዶች መካከል ስትገኝ የቤቷን ጨዋነት ይዛ የምትንቀሳቀስበት ሥርዓት ነበር። ታሊባን በደል የሠሩት የአንድ ወገን ልማድ የነበረውን ልብስ በሁሉም ላይ በዱላ በመጫናቸው ነው። ታሊባን ከካቡል ሲባረሩ ሴቶቹ ሁሉ ልብሱን አውልቀው ይጥሉታል ብሎ የጠበቀው ምዕራባዊ ተመልካች ብዙዎቹ ሳያወልቁት በመቅረታቸው ተገረመ። የተገረመውም የለባሿን አገር ሳያውቅ በልብሷ ብቻ ስለ ፈረደ ነው።

መጽሐፉ በገበያ ላይ የሚሸጡትንም የሴቶች ታሪክ ነን ባይ መጻሕፍት ይመረምራል። እነዚህ መጻሕፍት ሽፋናቸው ላይ ዐይኗ ብቻ የሚታይ ሴት ትሣላለች፤ በውስጣቸው ግን የቦታው ስም ቢለዋወጥ እንጂ ታሪኩ አይለወጥም። ደራሲዋም በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት የተፈጠረውን አገር «የእስላም ምድር» ብለው ይጠሩታል፤ ይኸውም በካርታ ላይ የማይገኝ፤ መንግሥትም ሆነ ድህነት ወይም ታሪክ የሌለው፤ ጨካኝ አባትና ምስኪን ልጅ ብቻ የሚኖሩበት አገር ነው። ለዚህ ሐሳብ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በ2003 ዓ.ም. ታትሞ በብዙ አገር የተነበበው ከዮርዳኖስ መጣ የተባለው ታሪክ ነው። አንዲት ሙስሊም ልጃገረድ ክርስቲያን ወዳ በአባቷ እጅ ተገደለች የሚለው ይህ መጽሐፍ እውነተኛ ታሪክ ነው ተብሎ ተሸጠ። በ1990ዎቹ ዓመታት በአማን ከተማ ለሴቶች መብት ሲታገሉ የነበሩ ሰዎች ነገሩን መርምረው የማይጣጣም መሆኑን ካሳዩ በኋላ፤ በ2004 ዓ.ም. አንድ የአውስትራልያ ጋዜጣ ፈጠራ መሆኑን ገለጠ። የመጽሐፉ ሐሰትነት ይበልጥ የጐዳው በዮርዳኖስ እውነተኛውን ግፍ በማስረጃ ሲያጋልጡ የነበሩትን ሴቶች ነው፤ ባላንጣዎቻቸው ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ ፈጠራ ነው ለማለት ምክንያት አገኙና።

ይህ የታዳጊነት መንፈስ የዛሬ አለመሆኑን ለማስረዳት ሁለት የታሪክ ምሳሌ ይበቃል። ሎርድ ክሮመር ከ1883 እስከ 1907 ዓ.ም. በግብፅ የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሆኖ አገሪቱን ሲገዛ ግብፃውያን ያልሠለጠኑት ሴቶቻቸውን ስለሚያዋርዱ ነው እያለ ይጽፍ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው በግብፅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲጨምር አድርጎ የሴቶቹን የትምህርት በር አጠበበው፤ ወደ አገሩም በተመለሰ ጊዜ የእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት እንዳያገኙ የሚታገል ማኅበር መሪ ሆነ። ሁለተኛው ምሳሌ የአልጄርያ ነው። በግንቦት 16 ቀን 1958 ዓ.ም. የነጻነት ጦርነቱ በተፋፋመበት ወራት በአልጄር አደባባይ በፈረንሳይ የጦር ሹማምንት በተዘጋጀ ሰልፍ ላይ የአልጄርያ ሴቶች መጐናጸፊያቸውን እንዲያወልቁ ተደረገ። ነጻ ወጡ የተባሉት ሴቶች በዚያው ወራት ወንድሞቻቸውና ባሎቻቸው ይታሰሩና ይገረፉ ነበር። እንግዲህ ሴትን ነጻ ማውጣት የሚለው ቃል ከገዥ አንደበት በወጣ ጊዜ ቃሉን ከሥራው ጋር ማመዛዘን ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የመጽሐፉ ክፍል ጠንካራ ነው፤ ለመንቀፍም አያስደፍርም። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ የሚፈተነው ራሱ በመረጠው ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ በሴቲቱ ላይ የሞት ፍርድ በፈረደበት ቦታ የመጽሐፉ ሐሳብ ምን ያህል ያስኬዳል? ለዚህ ፈተና በሰሜን ናይጄርያ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ነገር ከማንኛውም ይልቅ ተስማሚ ነው። የበደሉም ሆነ የጩኸቱ ታሪክ እዚያ በአንድነት ይገኛልና።

በመጀመሪያ የሕጉን ዕድሜ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰሜን ናይጄርያ ሙስሊሞች ከአራቱ የሱኒ መዝሀቦች አንዱ የሆነውን የማሊኪን ሥርዓት ይከተላሉ። እንግሊዞች በ1900 ዓ.ም. አገሩን ከያዙ በኋላ የአሚሮቹ ፍርድ ቤቶች በዚሁ ሥርዓት እንዲፈርዱ ፈቀዱ፤ በድንጋይ መውገርንና እጅ መቍረጥን ግን ከለከሉ። ናይጄርያ ነጻነቷን ባገኘችበት በ1960 ዓ.ም. የእስላም የወንጀል ሕግ ቀርቶ ከሱዳን ሕግ የተቀዳ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሰሜኑ ክፍል ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ሕግ ዝሙት በሙስሊሞች ላይ ወንጀል ሆኖ ቢቀርም ቅጣቱ ሞት አልነበረም። ይህም ሥርዓት አርባ ዓመት ያህል ጸና። በግንቦት ወር 1999 ዓ.ም. የወታደሮች አገዛዝ አብቅቶ የሲቪል መንግሥት በተመለሰ ጊዜ የዛምፋራ ክፍለ አገር ገዥ አሕመድ ሳኒ የሪማ የሸሪዓን የወንጀል ሕግ እንደሚያውጅ አስታወቀ፤ ሕጉም በጥር 27 ቀን 2000 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ሌሎች አሥራ አንድ ክፍላተ አገርም ተከተሉት። ስለዚህ በምዕራብ ጋዜጦች «የጥንት ዘመን ሕግ» እየተባለ የተጻፈለት ነገር በእውነቱ በተመረጡ ምክር ቤቶች የወጣ፤ ከምርጫ ፖለቲካ የተወለደ አዲስ አዋጅ ነበር። የፍትሕ ማጣትና የሹማምንት ስርቆት ያስመረረው ሕዝብ ሸሪዓ ሲመጣ ሀብታምና ድኻ እኩል ይዳኛል ብሎ ደስ ብሎት ተቀበለው። መጀመሪያ ከተያዙት መካከል ግን የገጠር ድኾች ሴቶች ይገኙ ነበር።

ከእነዚህ ሴቶች ስሟ በዓለም የተሰማው አሚና ላዋል ናት። ይህች በካትሲና ክፍለ አገር በኩራሚ መንደር የምትኖር፤ ከባሏ የተፋታች ሴት ልጅ በመውለዷ ተከሳ በመጋቢት 22 ቀን 2002 ዓ.ም. የባኮሪ የሸሪዓ ፍርድ ቤት በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት ፈረደባት። የልጁ አባት ነው የተባለው ሰው አይደለሁም ብሎ በመካዱ ተለቀቀ። በሕጉ ዝሙት የሚመሰከረው ድርጊቱን በዐይናቸው ባዩ አራት ምስክሮች ነው፤ በማሊኪ ሥርዓት ግን ባል የሌላት ሴት እርግዝና ብቻውን እንደ ማስረጃ ይቈጠራል። የቀሩት ሦስቱ የሱኒ መዝሀቦች ይህን አይቀበሉም። በደሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወንዱን ለመፍረድ አራት ምስክር ሲያስፈልግ፤ ሴቲቱን ግን የራሷ አካል መሰከረባት። በነሐሴ 19 ቀን 2002 ዓ.ም. የፉንቱዋ ፍርድ ቤት የይግባኟን አቤቱታ ውድቅ አድርጎ ቅጣቱ ልጇን ጡት እስክታስጥል ድረስ እንዲዘገይ አዘዘ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጩኸት ታላቅ ነበር። በኤውሮጳና በአሜሪካ ብዙ ሕዝብ የልመና ደብዳቤ ፈረመ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በናይጄርያ ሊደረግ በታሰበው የዓለም የቈንጆዎች ውድድር አንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች ስለ አሚና ላዋል ሲሉ አንሄድም አሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ጋዜጣ ስለ ውድድሩ ሲጽፍ የነቢዩን ስም በማይገባ መንገድ በማንሣቱ በካዱና ከተማ ሁከት ተነሥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ውድድሩም ወደ ሎንዶን ተዛወረ። የሁከቱ ምክንያት የልመናው ደብዳቤ አልነበረም። ነገር ግን የአንዲት የገጠር ሴት የይግባኝ መዝገብ የሁለት ዓለም መጋጠሚያ አደባባይ ሆኖ እንደ ነበረ ያሳያል። በእንዲህ ያለ አደባባይ መካከል የቆመች ሴት ከሳሿም ደጋፊዋም የየራሳቸውን ክብር እንጂ እርሷን ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም።

በ2003 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አሚና ላዋል ይግባኟ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ በሰኔ 3 ቀን ልትወገር ነው የሚል ደብዳቤ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ። ወሬው ሐሰት ነበር። ነገሩ ገና በክፍለ አገሩ የሸሪዓ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፊት ነበር፤ ሰኔ 3 ቀንም የክርክሩ ቀጠሮ እንጂ የመግደያው ቀን አልነበረም። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፤ ለመርዳት የተጣደፈው ሁሉ የሚረዳበትን ነገር አላጣራም። በግንቦት ወር ባኦባብ የሚባለው የናይጄርያ የሴቶች መብት ድርጅት በአይሻ ኢማምና በሲንዲ መዳር ጉልድ ፊርማ ለዓለም ሕዝብ ደብዳቤ ጽፎ ይህ ዘመቻ እንዲቆም ለመነ። ደብዳቤውን የጻፉት ሴቶች የሸሪዓ ወዳጆች ወይም የመንግሥት ባለሟሎች አልነበሩም። ለተከሰሱት ሴቶች ጠበቃ የሚያቆሙት፤ በየፍርድ ቤቱም የሚመላለሱት እነርሱ ነበሩ።

የሰጡትም ምክንያት በሥራ የተፈተነ ነው። በመጀመሪያ፤ ሐሰት የተቀላቀለበት ደብዳቤ እውነተኛውን ክርክር ያዳክማል፤ ባለጋራው አንዱን ስሕተት ይዞ ሁሉን ይክዳልና። ሁለተኛ፤ የማትሠራውን ጥፋት እንደ ሠራች ቈጥሮ ምሕረት መለመን በሕግ የሚገኘውን ነጻነት ያሳጣል፤ ለሚቀጥለውም ተከሳሽ የሚሆን ፍርድ አይገኝም። ሦስተኛ፤ የእስላምን ሃይማኖት በጠቅላላው የሚያዋርድ ቃል ለአካባቢው ባለ ሥልጣናት የእምነት ጠበቆች መስለው እንዲታዩ ዕድል ይሰጣል፤ ስለ ሴቲቱ የሚከራከረውንም የአገሩን ሰው በወገኑ ዘንድ ከሐዲ ያሰኘዋል። ደብዳቤው እስከ ተጻፈበት ጊዜ ድረስ በእነዚህ ድርጅቶች ረዳትነት ወደ በላይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ከቀረቡት የይግባኝ ጉዳዮች አንድም የተረቱበት እንዳልነበረ አስታወሱ።

ለሦስተኛው ምክንያት የቀረበው ማስረጃ መራራ ነው። በመስከረም 2000 ዓ.ም. በዛምፋራ አንዲት ወጣት ልጃገረድ ሳታገባ በማርገዟ 100 ጅራፍ እንድትገረፍ፤ ሦስት ወንዶች ደፈሩኝ ብላ በመናገሯም በሐሰት ስም አጠፋሽ ተብላ ሌላ 80 ጅራፍ ተፈርዶባት ነበር። ተቃውሞው ከውጭ አገር በበረታ ጊዜ ቅጣቱ ከቀጠሮው ቀድሞ፤ ይግባኟ ሳይሰማ፤ በጥር 19 ቀን 2001 ዓ.ም. 100ው ጅራፍ ተፈጸመባት። የባኦባብ ሴቶች እንደ ጻፉት የክፍለ አገሩ ገዥ የከሐዲዎችን ደብዳቤ አልሰማም ብሎ ይመካ ነበር። ጅራፉ ያረፈው በልጅቱ ጀርባ ላይ ነው፤ በፈራሚዎቹ ላይ አይደለም።

አሚና ላዋል የዳነችው በመስከረም 25 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ከአምስቱ የካትሲና የሸሪዓ ይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች አራቱ ነጻ አወጧት። ጠበቆቿ ሐዋ ኢብራሂምና አሊዩ ሙሳ ያውሪ የተከራከሩት ከራሱ ከሸሪዓ ሕግ ውስጥ እየጠቀሱ ነው። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሕጉ ከአንድ በላይ ዳኞች እንዲቀመጡ ሲያዝ አንድ ዳኛ ብቻ መፍረዱን፤ አመነች የተባለችው ነገሩ በሚገባ ሳይገለጥላት መሆኑን፤ ያመነም ሰው ቃሉን የመመለስ መብት እንዳለው አስረዱ። ከዚህም በላይ የማሊኪ ሊቃውንት አንድ ፅንስ በማኅፀን ተኝቶ እስከ አምስት ዓመት ሊቈይ ይችላል የሚሉትን ጥንታዊ ትምህርት አንሥተው፤ ልጁ ከቀድሞ ባሏ ሊሆን እንደሚችል ተከራከሩ። ይህን ትምህርት የዛሬ ሐኪም አይቀበለውም። የቀድሞ ሊቃውንት ግን ያቈዩት ባሏ የሞተባትን ወይም የተፋታችን ሴት ከሞት ለማዳን የሚጠቅም ጥርጣሬ በመሆኑ ነው፤ በሸሪዓ ከባድ ቅጣት በጥርጣሬ ይቀራልና። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. በሶኮቶ ነጻ የወጣችው ሳፊያ ሑሴይኒም የዳነችው በእንዲህ ያለ ክርክር ነው፤ ተፈጸመ የተባለው ነገር ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መሆኑ ተገልጦ ፍርዱ ተሻረ።

ይህ ታሪክ ለሊላ አቡ ሉጉድ መጽሐፍ በአንድ በኩል ትልቅ ድጋፍ ነው። ታዳጊ ነኝ ያለው ጩኸት ሴቲቱን ሲያስጨንቅ፤ ያዳኗት ግን ቋንቋዋንም ሕጓንም የሚያውቁ የአገሯ ልጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሐዋ ኢብራሂም ራሷ ከሰሜን ናይጄርያ የወጣች ሙስሊም ሴት ናት፤ በ2005 ዓ.ም. የኤውሮጳ ፓርላማ የሳኻሮቭን ሽልማት ከሌሎች ጋር የሰጣት ስለዚህ ሥራዋ ነው። በሌላ በኩል ግን ታሪኩ የመጽሐፉን ጉድለት ያሳያል።

ጉድለቱ ይህ ነው። ደራሲዋ የሴቶችን መከራ ወደ ድህነት፤ ወደ መንግሥት ግፍ፤ ወደ ጦርነትና ወደ ውጭ ኀይል እየመለሱ ሲያስረዱ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሰበቡን ሲያበዙ የሕጉ ቃል ራሱ እየደበዘዘ ይሄዳል። አሚና ላዋልን ድህነቷና የፖለቲካው ጊዜ ለፍርድ ቤት አቀረቧት፤ ይህ እውነት ነው። የፈረደባት ግን እርግዝናን በሴት ላይ ማስረጃ የሚያደርገው፤ ወንዱንም በክህደት የሚለቀው የሕግ ቃል ነው። አንድ ድኻ ወንድ በዚያው መንደር፤ በዚያው መንግሥት ሥር፤ በዚያው ድህነት እየኖረ በእንዲህ ያለ ማስረጃ አልተፈረደበትም። እንግዲህ ልዩነቱን የሚያስረዳው ድህነት ሳይሆን ሕጉ ነው።

ስለ ክብር ግድያ የጻፉት ምዕራፍም በዚህ ሚዛን ሲመዘን ያንኑ ጉድለት ያሳያል። ይህ ስያሜ አንድን ሕዝብ ሁሉ ለማዋረድ እንደሚያገለግል፤ የነገሩንም እውነተኛ ምክንያቶች እንደሚሸፍን አድርገው ይተቻሉ። በዮርዳኖስ በወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 340ኛ አንቀጽ ሚስቱን ወይም ዘመዱን በዝሙት ላይ አግኝቶ ለገደለ ወንድ ቅጣት ይቀለል ነበር። ምዕራባውያን ይህን አንቀጽ የእስላም ሕግ ነው ይሉታል፤ ዳሩ ግን አባቱ በ1810 ዓ.ም. የወጣው የፈረንሳይ የወንጀል ሕግ ነው፤ በ1858 ዓ.ም. የኦቶማን መንግሥት ከዚያ ቀዳው። ይህ የዘር ሐረግ የደራሲዋን ሐሳብ ያጸናል። ይሁን እንጂ ለሟቿ አንቀጹ ከፓሪስ መጣ ከመካ ምን ይለውጥላታል? ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የዮርዳኖስ ሴቶችና ወንዶች አንቀጹ እንዲሰረዝ ፊርማ ያሰባሰቡት ስለ ስያሜው ለመከራከር ሳይሆን፤ ነፍሰ ገዳይን የሚያስጠልል የሕግ ቃል በመኖሩ ነው። ተመራማሪው ስያሜውን እየተቸ የሕጉን ቃል ከዘነጋ፤ ከሩቅ የሚጮኸውን ሲገሥጽ ከቅርብ የሚታገለውን ይረሳል።

ደራሲዋ እንዲህ ያሉ ታጋዮች መኖራቸውን ያውቃሉ። በ2009 ዓ.ም. በኩዋላ ሉምፑር የተመሠረተው ሙሳዋህ የሚባለው ማኅበር የቁርኣንን ቃልና የሕግ ሊቃውንትን ትምህርት መርምሮ የቤተሰብ ሕግ በእኩልነት እንዲሻሻል የሚሠራውን ሥራ በመጽሐፋቸው ይጠቅሳሉ። ነገር ግን እነዚህ የተማሩና በዓለም የሚዘዋወሩ ሴቶች ከገጠር ሴት ኑሮ የራቁ እንዳይሆኑ ይሰጋሉ። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የናይጄርያው ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። የኩራሚዋ ሴት የዳነችው ሕግ የተማረች ሌላ የሰሜን ሴት ከመንደሯ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ስለ ተከተለቻት ነው። ሁለቱ ሴቶች በኑሮ የተራራቁ መሆናቸው ረዳትነቱን አላስቀረውም፤ ይልቁንም የአንዷ ትምህርት ለሌላዋ ሕይወት ሆነ።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊል የሚችለው ነገር አለ። የዓለም ዐይን ባይመለከታቸው ዳኞቹ ያን ያህል ይጠነቀቁ ነበርን? በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የናይጄርያ የፍትሕ ሚኒስትር ለሰሜኖቹ ገዥዎች ሙስሊሞችን ከሌላው ዜጋ ለይቶ የሚቀጣ ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብለው እንዲጽፉ ያደረጋቸውስ ይህ ዐይን አይደለምን? ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጩኸት ከንቱ ነው የሚለውንም ሰው ዝም ያሰኛል። ነገር ግን የባኦባብ ሴቶችም ዓለም ዝም ይበል አላሉም። ያሉት፤ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት እውነቱን በቦታው ካለው ሰው ጠይቁ፤ ሃይማኖትን ሳይሆን ግፍን ንቀፉ፤ የሚከራከሩትንም በሚያስፈልጋቸው ነገር እርዱ ነው። በጩኸትና በረዳትነት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

አፍጋኒስታን ደግሞ የጩኸቱን ዕድሜ ያሳያል። በ2001 ዓ.ም. ስለ ሴቶች ተብሎ የተጀመረው ጦርነት ሃያ ዓመት ቈይቶ በነሐሴ 2021 ዓ.ም. ታሊባን ወደ ካቡል ተመለሱ። የሴቶች ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በታኅሣሥ 2022 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲም በር ተዘጋባቸው፤ በነሐሴ 2024 ዓ.ም. የወጣው የምግባር ሕግ የሴትን ድምፅ እንኳ በአደባባይ ሊሰማ ከማይገባው ነገር ቈጠረው። እዚህ ላይ የሊላ አቡ ሉጉድ የመጀመሪያ ጥርጣሬ ትክክል እንደ ነበረ ይታያል፤ በጦር የመጣው ታዳጊ በሄደ ጊዜ ነጻነቱን ይዞት ሄዷል። ነገር ግን ልብሱን ባህል ነው ብሎ ማስረዳት እንደሚቻል ሁሉ የትምህርት ቤቱን መዘጋት ባህል ነው ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ይህ በአዋጅ የተሠራ በደል ነው፤ መልሱም ከሕግ መድረክ መፈለግ አለበት። በሐምሌ 2025 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሁለቱ የታሊባን መሪዎች ላይ ሴቶችን በማሳደድ ወንጀል የመያዣ ትእዛዝ ማውጣቱ፤ ፍሬው ገና ቢሆንም፤ ከጦርም ከጩኸትም የተለየ መንገድ መኖሩን ያመለክታል።

እንግዲህ መጽሐፉ በጠቅላላው ሲመዘን ጥቅሙ ከጉድለቱ ይበልጣል። ምዕራባዊው አንባቢ ስለ ሩቅ ሴቶች ሲያዝን የራሱን ታሪክ እንዲመረምር ያስገድደዋል፤ ተመራማሪውም የሚያጠናቸውን ሰዎች ስማቸው እንደሌለ ምስኪኖች አድርጎ እንዳይጽፍ ያስጠነቅቀዋል። ስለ አገራችን ሕዝቦች ጥቂት ሳምንት ብቻ ተቀምጠው የጻፉ መንገደኞችን መጻሕፍት ያነበበ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ማስጠንቀቂያ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ጉድለቱን የሚሞላው ግን ሌላ ዓይነት ጥናት ነው። ይኸውም መንደሩን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤቱን፤ ልማዱን ብቻ ሳይሆን የሕጉን ቃል፤ ተበዳዪቱን ብቻ ሳይሆን ጠበቃዋንና ዳኛውን አብሮ የሚመረምር ጥናት ነው።

አሚና ላዋል ነጻ ብትወጣም እርግዝናን ማስረጃ የሚያደርገው የሕግ ቃል አልተሰረዘም። በዓለም ዘንድ ስሟ ያልተሰማ፤ ጠበቃም ያላገኘች ሴት ነገ በዚያው ችሎት ፊት ልትቆም ትችላለች። ለእርሷ የሚያስፈልጋት በሚሊዮን የሚቈጠር ፊርማ ሳይሆን መዝገቧን የሚያነብብላት፤ ቋንቋዋን የሚሰማ፤ ሕጓንም የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። የሕዝቦችን ኑሮ የሚያጠና ሊቅ ለዚህ ሰው የሚሆን ዕውቀት ካላዘጋጀ፤ የታዳጊዎችን ስሕተት መቍጠሩ ብቻ ለተበደለችው አይጠቅማትም።